«ብቻውን የሚማር አይጨርስም» ላሉን መምህር፣ ከሐዋሳ የተጻፈ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከአራት ሰው ተላከልኝ። ሦስቱ «ምን ትላለህ?» ብለው ነው። አራተኛው «ይኸው፣ ብዬህ ነበር» ብሎ ነው። ጽሑፉ ፕሮግራሚንግን በራሳቸው ጊዜና በራሳቸው ፍጥነት ስለሚማሩ ጀማሪዎች ነው። የጻፉት ሰው እዚሁ ሐዋሳ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ስማቸውን ማንሳት አያስፈልግም። ጠቤ ከሐሳባቸው ጋር ነው፣ ጠብ ከተባለ።

ያሉት ባጭሩ ይሄ ነው። በራሱ ከሚጀምር መቶ ሰው 97ቱ አይጨርስም። መምህር የሌለው ሰው ስህተቱን አያውቅም፤ በዚያ ላይ ያረጀ ቪዲዮ እያየ ያረጀ ነገር ይማራል። «በራስ ፍጥነት» የሚሉት ነገር የፈረንጅ ፈሊጥ ነው፣ ለእኛ አይሆንም። ላፕቶፕ፣ መብራትና ኢንተርኔት የሌለው ባይነካካው ይሻለዋል። እንግሊዝኛ የማይችል ጭራሽ አይሞክረው። ሰርተፍኬቱ ወረቀት ነው። ደግሞስ አሁን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኮዱን ይጽፈው የለ? ስለዚህ የቆረጠ ሰው ክፍል ገብቶ ይማር፣ ሌላው ጊዜውን አያባክን።

ከዚህ ውስጥ የምስማማበትም አለ። ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ከቁጥሩ ልጀምር። 97 ከየት እንደመጣ አልጻፉም። እኔ ግን ምንጩን የማውቀው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ኤምአይቲና ሃርቫርድ የተባሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኤድኤክስ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ ያወጧቸውን ኮርሶች የሚመለከት ነው። በ2017/18 የትምህርት ዘመን ከተመዘገበው ሰው ሁሉ ኮርሱን የጨረሰው 3.13 በመቶ ብቻ ነበር። ያስደነግጣል፣ አልክድም።

ግን እዚያው ጥናት ላይ ሌላ ቁጥር አለ። ገንዘብ ከፍለው የተረጋገጠ ሰርተፍኬት ለማግኘት ከገቡት ውስጥ 46 በመቶው ጨርሷል። ኮርሱ ያው ነው፣ ቪዲዮው ያው ነው፣ አጠገባቸው የቆመ መምህር የለም። ልዩነቱ ቆርጦ በገባና እግረ መንገዱን ባየ ሰው መሃል ነው። እርግጥ 46ም ቢሆን ከግማሽ በታች ነው። ከፍሎ የገባ ሰው መጀመሪያውኑም የጨከነ ነው ብትሉኝ እሺ እላለሁ። ግን ከ3 እና ከ46 አንዱን ብቻ አንስቶ መጻፍ ልክ አይደለም።

እሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። የሚገባው ሰው ብዛት! ግማሹ ከአባ ኮዳ ጋር ፎቶ ሊነሳ ነው። ግማሹ ልጆቹን ጦጣ ሊያሳይ ነው። ሌላው ከፍቅረኛው ጋር ሐይቁን እያየ ሊቀመጥ ነው። በር ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ የቆጠረ ሰው «ከመቶ ሰው ዓሣ የገዛው ሦስት ነው፣ ይሄ ሥራ አያዋጣም» ቢል፣ ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ይስቁበታል።

እኔ ራሴ ከ97ቱ ነኝ። አራት ኮርስ ጀምሬ የጨረስኩት አንዱን ነው። አንደኛውን የተውኩት የምፈልገውን ምዕራፍ ካገኘሁ በኋላ ነው። የሱቅ ዕቃ መዝገብ መሥራት ፈልጌ ስለ ዳታቤዝ የሚያወራውን ክፍል ተምሬ ወጣሁ፤ መዝገቡም ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። በጥናቱ አቆጣጠር ግን ወድቄያለሁ። ሁለቱን የተውኳቸው በስንፍና ነው፣ ምክንያት አልፈልግላቸውም። ቀን ያልተቆረጠለት ነገር ነገ ይደርሳል ትላለህ፣ ነገ ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። በዚህ መምህሩ እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «መምህር የሌለው ስህተቱን አያውቅም» ወደሚለው።

ክፍል ውስጥም ተምሬያለሁ። ኮሌጁ ስም አያስፈልገውም። ስድሳ ነበርን። የኮምፒዩተር ላቡን ቁልፍ የሚይዘው ሰውዬ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ለቅሶ ሄዷል። ሲከፈት ለአንድ ኮምፒዩተር አራት እንሆናለን። አራት ሰው ባለበት ደግሞ ማውሱን የሚይዘው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። የእኛ ቡድን ማውስ ያዥ ቤታቸው ኮምፒዩተር ያለው ልጅ ነበር። ፈጣን ነው። እኛ ሦስታችን ከኋላው ቆመን «እሺ፣ እሺ» እንላለን። ሴሚስተሩ ሲያልቅ እሱ ኮድ መጻፍ ቻለ፣ እኛ ደግሞ እሱ ሲጽፍ ማየት ቻልን። ፈተናው በወረቀት ነበር። ኮዱን በእስክሪብቶ ጽፌ ሰባ ሁለት አመጣሁ። ያ ኮድ ኮምፒዩተር ላይ ቢጻፍ ይሠራ አይሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም። መምህሬም አያውቁም ነበር።

መምህራችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ስድሳ ሰው ነው ያለባቸው። የስድሳ ሰው ስህተት በአንድ ሰዓት ማየት የሚችል ሰው አልተፈጠረም። መምህር መኖሩ ብቻ ስህተት ያሳያል ከተባለ ግን፣ እኔ አላየሁም።

ስለ ያረጀ ቪዲዮም ልክ ናቸው፤ ሞልቷል። ያረጀ ሃንድአውትም ሞልቷል። ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፓይተን 2 የሚባለው አሮጌ እትም ድጋፉ የቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነው። ከዚያ በኋላ ስልጠና የገባች አንዲት ልጅ ፎቶ ኮፒ ሃንድአውቷን ይዛ መጣች። ፕሪንት የሚለው ትእዛዝ ቅንፍ የለውም። በአዲሱ ፓይተን ያለ ቅንፍ አይሠራም። ፓይተን ራሱ «ቅንፍ ረስተሃል» ይላል እኮ፣ ያውም ምን ለማለት ፈልገህ ነው ብሎ ይጠቁማል። እሷ ግን ሃንድአውቱን አምና ማሽኑን ጠረጠረች። ከፍላ ነዋ የተማረችው።

«የፈረንጅ ፈሊጥ ነው» የሚለው ግን አስገርሞኛል። መምህሩ የቄስ ትምህርት ቤት አያውቁም ማለት ነው? አንዱ ልጅ ገና «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ» ይላል። አጠገቡ ያለው አቡጊዳ ላይ ነው። ወዲያ ጥግ ያለው ዳዊት ይደግማል። ማንም ማንንም አይጠብቅም። አንዱን ሳያውቅ ወደ ሌላው የሚያልፍ የለም፣ አውቆም ጓደኞቹን ሲጠብቅ የሚቆም የለም። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስጠናል። ቁርዓን ቤትም ያው ነው፤ ልጁ ሎሁን፣ የእንጨት ሰሌዳውን፣ ይዞ የደረሰበትን ያነባል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሰው ፍሬድ ኬለር እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው ዘዴ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ተማሪ በራሱ ፍጥነት ይሂድ፣ አንዱን ክፍል በደንብ ሳይዝ ወደ ቀጣዩ አይለፍ፣ ቀድሞ ያለፈ ተማሪ ይርዳው ነው ያለው። እዚህ ዛፍ ጥላ ሥር ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ፍጥነቱ የልጁ ነው፣ ሰሚ ግን አለው። የኔታ ይሰማሉ። እሳቸው ባይመቻቸው ትልቁ ተማሪ ይሰማል። የዛሬው የራስ በራስ ተማሪ የጎደለው ይሄ ነው። መምህሩ «ክፍል ይግባ» ይላሉ፤ እኔ «ሰሚ ይፈልግ» እላለሁ። አንድ ሰው ይበቃል። እሱም ቢሆን ከሁለት ወር በፊት የጀመረ ሊሆን ይችላል።

ምን ለማለት እንደፈለግኩ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ጓደኛዬ ያስረዳልኛል። አቶቴ አካባቢ ተራ ሲጠብቅ በስልኩ ፓይተን ይማራል። ኮርስ አልጨረሰም፣ የሚጨርስም አይመስለኝም። የፈለገው አንድ ነገር ነው። የቀን ገቢውን ለባጃጁ ባለቤት ካስገባ በኋላ፣ ነዳጅና ጥገና ተቀንሶ ለእሱ የሚተርፈውን ማወቅ። በደብተር ሞክሮ ደብተሩ ዝናብ ነክቶት ጠፋ።

አንድ ቀን ማታ በቴሌግራም የስክሪን ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ «ብሮ፣ ከስሬያለሁ» ይላል። ለነዳጅ 300 ብር አስገብቷል። ለጎሚስታ 150። ፕሮግራሙ የቀኑን ወጪ 300150 ብር ነው ብሎታል።

ፕሮግራም የነካካ ሰው ሳቁን ጀምሯል። ለማያውቅ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይተን ከኪቦርድ የሚቀበለውን ነገር ሁሉ እንደ ጽሑፍ ነው የሚይዘው፣ ቁጥር ቢመስልም። ሁለት ጽሑፍ ደምር ሲባል ይቀጣጥላቸዋል። 300 እና 150 ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሦስት መቶ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ይሆናሉ። በፓይተን ሕግ ምንም ስህተት የለም። ቀይ ጽሑፍ አልመጣም፣ ፕሮግራሙም አልቆመም።

መልሱን አልነገርኩትም። «ያንን 300 ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ራሱን ፓይተንን ጠይቀው» አልኩት። ታይፕ የምትባል ትእዛዝ አለች፣ እሷን ቀደም ብሎ ያውቃታል። ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ሰው ጭኖ ይሆናል። ከዚያ «ጽሑፍ ነው ይላል! ቁጥር መስሎኝ!» ብሎ ጻፈ። ወደ ቁጥር አስቀየረው፣ 450 መጣ። በማግስቱ 62.50 አስገብቶ ደግሞ በሌላ ስህተት ተጣላ፤ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኢንት የሚባል ትእዛዝ ሙሉ ቁጥር እንጂ ሳንቲም አይወድም። እሱን ብቻውን ፈታው።

እዚህ ላይ መምህሩን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያንን ስህተት ማን አገኘው? እኔ አይደለሁም። ማሽኑም አይደለም። ራሱ ነው ያገኘው፣ ምክንያቱም ለጎሚስታ ስንት እንደከፈለ ያውቃል። ክፍል ውስጥ የምንሠራው «የአሥር ተማሪዎችን አማካይ ውጤት አስላ» ነበር። ተማሪዎቹ የሉም፣ ውጤቱም የለም። አማካዩ 54 ቢመጣ 540 ቢመጣ ለማናችንም ምንም አልነበረም። ጀማሪ የራሱን ኑሮ ሲያሰላ ግን መልሱን ቀድሞ ያሸተዋል።

ላፕቶፕና ኢንተርኔት ላይ ብዙ አልቆይም። ባጃጅ ነጂው የሚጠቀመው ፓይድሮይድ 3 የሚባል አፕ ነው። አንዴ ከተጫነ ፓይተኑ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ዳታ ቢጠፋም ይሠራል። የፓይተን ሙሉ መመሪያም ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ነው። አንዴ ዋይፋይ ካለበት ካፌ አውርዶ መሄድ ነው። በስልክ መጻፍ አድካሚ መሆኑን ግን አልደብቅም። ቅንፍና ጥቅስ ምልክት ፍለጋ ኪቦርዱን ስታገላብጥ ሐሳብህ ይጠፋል። ከመቶ መስመር በላይ ሲሆን ላፕቶፕ ያስፈልጋል፣ የሰውም ቢሆን።

መብራት ሲሄድ ሥራ ይጠፋል ላሉት፣ አዎ ይጠፋል። የሦስት ሰዓት ሥራ አንዴ እንዲህ ጠፍቶብኝ እራቴን ሳልበላ ተኝቻለሁ። ጊት የሚባለውን፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራውን፣ የኮድ ለውጥ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ መሣሪያ፣ በማግስቱ መማር ጀመርኩ። ማንም ይሄን ያህል አሳምኖ አያስተምረኝም ነበር።

እንግሊዝኛው ላይ ከመምህሩ ጋር ብዙም አንራራቅም። ከባድ ነው። የተሻለው ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ግን የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ምን ያህል ነው? የፓይተን ቁልፍ ቃላት ሠላሳ አምስት ገደማ ናቸው። ጀማሪን ዕለት ዕለት የሚያስለቅሱት ስህተቶች ደግሞ አምስት ስድስት ናቸው። ለሚጠይቁኝ ሁሉ የማዛቸው ደብተር ነው። በግራ ስህተቱ፣ በቀኝ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ። ሲንታክስ ኤረር፣ አጻጻፍህ ተበላሽቷል፣ ያንን መስመር ወይም ከሱ በላይ ያለውን እይ። ኔም ኤረር፣ የጠራኸውን ስም አላውቀውም፣ ፊደል ስተሃል። ታይፕ ኤረር፣ የማይደባለቁ ነገሮች ደባለቅክ። ኢንደንቴሽን ኤረር፣ መስመሩ ያለ ቦታው ገብቷል ወይም ወጥቷል። በወር ውስጥ ደብተሩ አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገርም አለ። ፓይተን 3 ላይ የራስህን ስሞች በአማርኛ መጻፍ ትችላለህ። ነዳጅ፣ ጎማ፣ ቀሪ ብለህ ሰይም፣ ይቀበላል። ባለሙያዎች አይወዱትም፣ ሥራ ቦታ ሲሄድ ይተወዋል። ለመጀመሪያው ወር ግን ጭንቅላት ያሳርፋል። አንድ ወጥመድ ብቻ አለው። ኪቦርዱን ከአማርኛ መመለስ ረስተህ በእንግሊዝኛው ኮማ ፋንታ የእኛን «፣» ከጻፍክ ፓይተን ቀጥ ይላል። የማያውቀው ምልክት ነው። ይቺን ጭረት ፍለጋ አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ። ዓይን ሁለቱን አይለያቸውም፣ በተለይ በስልክ።

ሰርተፍኬት ወረቀት ነው፤ እስማማለሁ። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠናም ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ ብዙ ልጆች ፌስቡክ ላይ ሲለጥፉት አይቻለሁ። ጥሩ ነው፣ ያበረታታል። የሱቅ ዕቃ መዝገብ ያሠራኝ ነጋዴ ግን ወረቀት አልጠየቀኝም። «እስቲ ሚስማር ብለህ ፈልግልኝ» ነው ያለው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ኤአይ ነው። ኮዱን እሱ ይጽፋል፣ ታዲያ ምን ያደክማል? ይሄ ክርክር ክፍሉንም እንደሚዘጋው ልብ ያሉ አልመሰለኝም። ኤአይ ካለ መማር የማያስፈልግ ከሆነ ለምን ክፍል ይመዘገባል?

ለማንኛውም ባጃጅ ነጂያችን ሞክሮታል። ገቢውን በኢትዮጵያ ወር እየለየ የሚያሳይ ኮድ ጻፍልኝ ብሎ ኤአዩን ጠየቀው። በሰከንድ ጻፈለት፣ ያምር ነበር። ሲያስኬደው የመስከረም ገቢው በሙሉ ባለፈው ዓመት መዝገብ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ኮዱን መስመር በመስመር አየን። ከፈረንጁ ዓመተ ምሕረት ላይ ስምንት ይቀንሳል፣ ዓመቱን ሙሉ። ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ልክ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ግን የሚቀነሰው ሰባት ነው። በዚያ ላይ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይውልም። ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፣ 2016 ዓ.ም. የገባው እንደዚያ ነበር። ይሄን ያየው ሰው ኮርስ ያልጨረሰ ሰው ነው። አንብቦ የሚከተለው ያህል ኮድ ያውቃል፤ አዲስ ዓመት መቼ እንደሚገባ ደግሞ እናቱ ነግረውታል። ሁለቱ ባይኖሩት ኖሮ ያንን ያማረ ኮድ ይዞ ይኖር ነበር።

ዓመቱን አስተካክለናል። ያልተስማማነው ጳጉሜ ላይ ነው። እኔ ራሷን የቻለች ወር ናት፣ ለብቻዋ ትቀመጥ እላለሁ። እሱ ነሐሴ ውስጥ ትጨመር ይላል። «የአምስት ቀን ወር ከሌሎቹ ጎን ሲደረደር ሥራ የፈታሁ ያስመስለኛል፣ ባለቤቱ ቢያይ ምን ይላል?» ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ቡናው እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። ስድስተኛዋን ቀን ገና አላነሳናትም።